ፔሪዮዲክ ቴብል እንዴት ነው የተደረደረው

ፔሪዮዲክ ቴብል እስካሁን የሚታወቁት 118 ኤለመንቶች በሙሉ ተራቸውን ይዘው የተቀመጡበት ሰንጠረዥ ነው። አብዛኞቻችን የኬሚስትሪ ክላስ ግድግዳ ላይ እናውቀዋለን፣ የመጀመሪያዎቹን 20ዎቹን ሃይድሮጅን ሂሊየም ሊቲየም እያልን ሸምድደናል፣ ለምን እንደዛ እንደተደረደሩ ግን ብዙም ሲነገር አልሰማንም፣ ይሄ ደግሞ ያሳዝናል ምክንያቱም ቁምነገሩ ያለው አደራደሩ ላይ ነው።

ተራው የሚሄደው በአቶሚክ ነምበር ነው፣ ማለትም አቶሙ መሃል ላይ ባለው እምብርት (ኒውክለስ) ውስጥ ባሉት ፕሮቶኖች ብዛት። 1 ያለው ሃይድሮጅን፣ 26 ያለው ብረት፣ 79 ያለው ወርቅ፣ እንዲህ እያለ እስከ 118ኛው ኦጋነሰን። አግድም ያሉት ረድፎች ፔሪየድ ይባላሉ፣ 7 ናቸው። ወደታች የሚወርዱት ደግሞ ግሩፕ ይባላሉ፣ 18 ናቸው። ኤሌክትሮኖች ኒውክለሱን ከበው በሼል በሼል ነው የሚቀመጡት፣ አዲስ ሼል ሲጀመር አዲስ ረድፍ ይጀመራል፣ ለዛ ነው ረድፎቹ እኩል ያልሆኑት፣ 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 ነው የሚይዙት፣ ደምሩት 118 ይመጣል።

ዋናው ነገር ግሩፑ ላይ ነው። አንድ ግሩፕ ውስጥ ያሉት ባብዛኛው የውጪ ሼላቸው ላይ እኩል ኤሌክትሮን ስላላቸው ፀባያቸው ይመሳሰላል። ግሩፕ 1 ላይ ያሉት እነ ሶዲየምና ፖታሲየም የውጪ ሼላቸው ላይ ያለችውን አንድ ኤሌክትሮን ለመስጠት ይቸኩላሉ፣ ውሃ ሲነካቸው ይንጨረጨራሉ፣ ወደታች በወረድን ቁጥር ደግሞ ይብስባቸዋል ምክንያቱም ኤሌክትሮኗ ከኒውክለሱ እየራቀች ነው የምትሄደው። ግሩፕ 17 ደግሞ በተቃራኒው ሼላቸው እንዲሞላ አንድ ኤሌክትሮን የጎደላቸው ናቸው፣ ከአፋር የሚመጣው ጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን፣ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ በዝቶ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎሪን፣ ሲያንስ እንቅርት የሚያመጣው አዮዲን ሁሉም እዚሁ አንድ አምድ ላይ ናቸው። ግሩፕ 18 ሼላቸው የሞላ ነው፣ ከማንም ጋር እምብዛም አይነካኩም።

ይሄን መስመር ያስያዘው ራሺያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ነው፣ በ1869 እ.ኤ.አ.። ያኔ የሚታወቁት 63 አካባቢ ነበሩ፣ ፕሮቶን የሚባል ነገርም አይታወቅም፣ እሱ የደረደራቸው በአቶሚክ ክብደት ነው። የሚገርመኝ ግን ፀባያቸው አልገጥም ሲል ቦታውን ክፍት መተዉ ነው፣ ገና ያልተገኘ ኤለመንት አለ ብሎ ክብደቱንና ዴንሲቲውን (እፍግታውን) ሳይቀር አስቀድሞ ፃፈ። ከአሉሚኒየም ስር የተወው ቦታ በ1875 በጋሊየም ሞላ፣ ያገኘው ፈረንሳዊ ዴንሲቲው 4.7 ነው ሲል ሜንዴሌቭ አይ 5.9 አካባቢ መሆን አለበት አለ፣ ሰውየው አጥርቶ እንደገና ሲለካው እውነትም 5.9 ሆነ! ኤለመንቱን በአይኑ ያላየው ሰው ካገኘው ሰው በላይ አወቀው ማለት ነው። ስካንዲየም በ1879፣ ጀርማኒየም በ1886 ተከተሉ።

በክብደት መደርደሩ ግን አንዳንድ ቦታ ያስቸግር ነበር። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል፣ በፀባዩ ግን መቅደም አለበት፣ ሜንዴሌቭ ክብደቱ በስህተት ተለክቶ ነው ብሎ አስቀደመው። ነገሩ የተፈታው በ1913 ነው፣ ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ በኤክስሬይ ለክቶ ተራውን የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን የኒውክለሱ ቻርጅ፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ ብዛት መሆኑን አሳየ፣ ቴሉሪየም 52 አዮዲን 53። ሞዝሊ ከ2 አመት በኋላ ጋሊፖሊ ጦርነት ላይ በ27 አመቱ ሞተ።

ከስር ተነጥለው የሚታዩት ሁለት ረድፎች ላንታናይድና አክቲናይድ ናቸው፣ ቦታቸው ከ6ኛውና ከ7ኛው ረድፍ ውስጥ ነው፣ ወረቀቱ እንዳይሰፋ ነው ወደታች የወረዱት። 7ኛው ረድፍ አሁን ሞልቷል። 119ኛው እስካሁን አልተገኘም፣ ከተገኘ ግን 8ኛ ረድፍ ይጀምራል፣ ቦታውም ግሩፕ 1 ላይ ከፍራንሲየም ስር ነው።