ቀለበቱ ለምን የተነፋ ጎማ ይመስላል?

«ራዲያል ግራዲየንት ስጠው፣ በቃ!»

ይህቺን ምክር፣ ማለትም ቀለሙ ከመሃል ወደ ውጭ ቀስ በቀስ ይለወጥ የምትለውን፣ በሰማሁ ቁጥር ራሴን ያመኛል። ቤቭል ያለው ቀለበት፣ ማለትም በውስጥም በውጭም ጠርዙ ተዳፋት የሆነ ቀለበት፣ በቬክተር ሶፍትዌር (በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ በሚስል ፕሮግራም) መሥራት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህችኑ ይዞ ይመጣል። ውጤቱ ምን ይመስላል? ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል ያበራል፤ የተቆረጠ ብረት መሆኑ ቀርቶ የተነፋ ጎማ ይሆናል።

ራዲያል ግራዲየንት የሚያውቀው ከመሃል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ከመሃሉ እኩል የራቀ ነጥብ ሁሉ፣ ላይ ይሁን ታች፣ አንድ ቀለም ይደርሰዋል። ብርሃን ግን ከአንድ ወገን ነው የሚመጣው። ከላይ በግራ መጣ እንበል። የውጪው ተዳፋት ላይኛው ግራ ላይ ይበራል፣ ታችኛው ቀኝ ላይ ይጨልማል። የውስጠኛው ፊቱን ወደ መሃል ስላዞረ ነገሩ ይገለበጣል፦ ላይኛው ግራ ጨለማ፣ ታችኛው ቀኝ ብርሃን። ሚስጥሩ ይኸው ነው። የሚያስፈልገው ሊኒየር ግራዲየንት፣ ማለትም ቀለሙ በቀጥታ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው የሚለወጥ፣ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ተገልብጦ።

እንሥራው። በአንድ መሃል ላይ ሦስት ክቦች ሳሉ፤ ዲያሜትራቸው 190፣ 160 እና 130 ፒክስል። ከዚያ ፊሉን (የውስጡን ቀለም) አጥፉና ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) ስጧቸው፤ ውፍረቱ በየተራ፦ 10፣ 20 እና 10። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ኢንክስኬፕ የተባለው የቬክተር ፕሮግራም ካልነገራችሁት በቀር ስፋትና ቁመትን የሚለካው ስትሮኩን ጨምሮ ስለሆነ ልኩ ይዛባል። ለውጪው ስትሮክ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ከፈካ ወደ ጠቆረ የሚሄድ ሊኒየር ግራዲየንት፣ ለውስጠኛው ግልባጩን፣ ለመሃለኛው አንድ መካከለኛ ቀለም ስጡ። ንጹሕ ነጭና ንጹሕ ጥቁር አትጠቀሙ፣ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። በክቦቹ መጋጠሚያ ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ከታየች፣ ከሁሉም ሥር 160 ዲያሜትር ያለው፣ ስትሮኩ 38 የሆነ ክብ አስቀምጡ።

«ስትሮክ ግራዲየንት አይቀበልም» የሚለኝም አለ። ይቀበላል። ኢሉስትሬተር የተባለው የአዶቤ ፕሮግራም እንኳ ከሲኤስ6 እትሙ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቀበላል። ስትጨርሱ ግን ስትሮኩን ወደ ፓዝ (ራሱን ወደቻለ ቅርጽ) ቀይሩት፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ሲያሳንሰው የስትሮኩ ውፍረት ባለበት ሊቀርና ቀዳዳው ሊደፈን ይችላል።

«ኖድ (የመስመሩ መቆጣጠሪያ ነጥብ) ሲበዛ ክቡ ይበልጥ ይከባል።» አይከብም። በ4 ኖድ የተሠራ ክብ ከእውነተኛው የሚዛነፈው ከራዲየሱ 0.03 በመቶ ባነሰ ነው። ዓይናችሁ አይደርስበትም።

«ለቀዳዳው መሃሉ ላይ ነጭ ክብ ጣልበት።» ይህንን እኔም ሠርቼው አፍሬበታለሁ። ደንበኛዬ ሎጎውን ጥቁር ገጽ ላይ ሲያስቀምጠው ነጭ ዓይን አፈጠጠበት። ቀዳዳ በዲፈረንስ (አንዱን ቅርጽ ከሌላው በሚቀንሰው ትእዛዝ) ይቆረጣል እንጂ ቀለም አይቀባም።

ተዳፋቱን በራሱ የሚያስመስል ዝግጁ የቤቭል ፊልተርስ? ለስክሪን ይሁን። ወደ ፒዲኤፍ ሲወጣ ግን ወደ ፒክስል ይለወጣል፣ ቬክተርነቱም እዚያው ያበቃል።

«አንዴ ከተሠራ እንደፈለጉ ማዞር ይቻላል» የሚሉት ደግሞ አሉ። ቀለበቱን 180 ዲግሪ አዙሩትና እዩ። ግራዲየንቱ አብሮ ይዞራል፣ ያበጠው ሁሉ የጎደጎደ ይመስላል። ዓይን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ቆጥሮ ነው የሚያየው። እኔ አንድ ጊዜ ግራና ቀኙ እንዲመጣጠንልኝ ብዬ ሁለተኛውን ቀለበት በመስታወት ገልብጬ አስረከብኩ። ጎን ለጎን ሲታዩ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፀሐይ ወጥታላቸው ነበር።