ያረጁ ግዙፍ ኮከቦችና ኒውትሪኖ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኒውትሪኖ ምንም ነገር ስለማይነካ ለኮከቡ ለውጥ አያመጣም።»

ኒውትሪኖ ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ኢምንት ቅንጣት ነው፤ ኮከቡን የሚጎዳው ይኸው አለመንካቱ ነው። ብርሃን ከእምብርቱ ተነስቶ እስኪወጣ እየተላተመ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ኒውትሪኖ ግን ጉልበቱን እንደያዘ በቀጥታ ይሾልካል። የፀሐይን 25 እጥፍ የሚመዝን ኮከብ ውሰዱ። ሃይድሮጅኑን ለመጨረስ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ካርቦኑን በ600 ዓመት ገደማ ይጨርሰዋል። ኦክስጅኑ ለወራት ብቻ ይቆያል። ሲሊከኑማ በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል! አንዱ ምክንያት ነዳጁ ደካማ መሆኑ ነው። ዋናው ግን ከካርቦን ጀምሮ በኒውትሪኖ የሚወጣው ጉልበት በብርሃን ከሚወጣው በእጅጉ መብለጡ ነው። ኪሱ እንደተቀደደ ሰው ያገኘውን ሁሉ ያፈሳል፤ ስለዚህ በላይ በላዩ ማቃጠል ግድ ይሆንበታል።

«ኒውትሪኖ የሚፈጠረው አተሞች ሲዋሃዱ ብቻ ነው።»

ፀሐይን በተመለከተ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ባረጀ ግዙፍ ኮከብ ውስጥ ግን ሙቀቱ ራሱ ይፈጥረዋል። እምብርቱ 1 ቢሊዮን ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከጋማ ጨረር (ከኃይለኛ ብርሃን) ኤሌክትሮንና ተቃራኒ አቻው ፖዚትሮን ይወለዳሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ተመልሰው ብርሃን ይሆናሉ። እጅግ አልፎ አልፎ ግን በብርሃን ፈንታ ኒውትሪኖና አንቲኒውትሪኖ ይወጣሉ። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ብርቅ አጋጣሚ የአንድን ኮከብ ዕድሜ ማሳጠሩ ነው።

«ኮከብ ጉልበት ካጣ ይቀዘቅዛል።»

ገጹ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ እምብርቱ ግን ይብስበታል። ጉልበት ሲያጣ ስበት ይጨምቀዋል፣ ሲጨመቅ ደግሞ ይግላል። ሲሊከን በሚቃጠልበት ጊዜ 3 ቢሊዮን ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

«ቤተልጁስ የተባለው ግዙፍ ቀይ ኮከብ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የደበዘዘው ሊፈነዳ ሲል ነው።»

አይደለም። ከኮከቡ የወጣ አቧራ ነው የጋረደው።

«ኒውትሪኖው የሚመጣው ኮከቡ ሲፈነዳ ነው።»

ትልቁ ጎርፍ የሚመጣው እምብርቱ ሲደረመስ ነው፤ እሱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1987 በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቭየት ኅብረት የነበሩ መሣሪያዎች ከፈነዳ አንድ ኮከብ የመጡ 25 ያህል ኒውትሪኖዎችን ያዙ። የፍንዳታው ብርሃን የታየው ከሰዓታት በኋላ ነበር። ከመደርመሱ በፊት በሙቀት የተፈጠሩትን ግን እስካሁን የያዘ የለም። ጃፓን ያለው ሱፐር ካሚዮካንዴ የተባለ የኒውትሪኖ መያዣ መሣሪያ እነሱን እየጠበቀ ነው። ቤተልጁስን ያህል ቅርብ የሆነ ኮከብ ሲሊከኑን ማቃጠል ከጀመረ፣ ከፍንዳታው ሰዓታት ቀድሞ ማስጠንቀቅ ይችላል።