«ቀዝቃዛ ደም ነው ያለው፣ ሙቀት ምን ያደርግለታል?» እና ሌሎች ተሳቢ እንስሳትን የሚጎዱ አመለካከቶች

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እንሽላሊት፣ እባብና ኤሊ ማከም ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በቤቴም አሳድጋለሁ። በነዚህ ዓመታት አንድ አባባል ያልሰማሁበት ወር የለም። ሰው እንሽላሊቱን በካርቶን ይዞ ይመጣል። እንሽላሊቱ ዓይኑን ጨፍኗል። ከበላ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። «የሚኖርበት ሣጥን ሙቀቱ ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «እንዴ ዶክተር፣ ቀዝቃዛ ደም አይደል ያለው? ሙቀት ምን ያደርግለታል?»

ይሄን ስሰማ እበሳጫለሁ። ሰውየው የነገሩትን ነው የደገመው፣ በእሱ አልፈርድም። የሚያናድደኝ እንስሳው በቀላሉ ሊስተካከል በሚችል ነገር መሠቃየቱ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት ተሳቢ እንስሳት አብዛኞቹ የሚታመሙት ከሚኖሩበት ሣጥን የተነሣ ነው። ስለዚህ የሰለቹኝን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ቀዝቃዛ ደም ስላለው ቅዝቃዜ ይስማማዋል»

አይስማማውም። ሰውን የሚያሳስተው ስያሜው ራሱ ነው። የበረሃ እንሽላሊት ፀሐይ ሲሞቅ የሰውነቱ ሙቀት ከእኛ ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቱ ሙቀቱ የሚመጣበት ቦታ ነው። እኛ ከምንበላው ምግብ እናመርተዋለን። እነሱ ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ይቀበሉታል። ያ ሙቀት ሲጠፋ ምግብ በወጉ አይፈጭም፣ ጡንቻ አይታዘዝም፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት አቅም ይዳከማል። በቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ አይጥ የዋጠ እባብ ብዙ ጊዜ አይጧን መልሶ ያስወጣታል፤ ሳትፈጭ ሆዱ ውስጥ መበስበስ ስለምትጀምር ነው።

ሲታመሙ ደግሞ ሙቀት ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ተመራማሪዎች የበረሃ ኢጓና የተባሉ እንሽላሊቶችን በባክቴሪያ ከበከሉ በኋላ በተለያየ ሙቀት አቆዩአቸው። ሞቅ ያለ ቦታ የቆዩት በብዛት ተረፉ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የቆዩት በብዛት ሞቱ። እኛን ሲያመን ያተኩሰን የለ? እነሱ ትኩሳቱን የሚያገኙት ሙቀት ያለበት ቦታ ሄደው ነው። ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ የት ይሂዱ?

ሣጥኑ ሁለት ጫፍ ይኑረው። ብዙ ሰው ለሚያሳድገው ቢርድድ ድራገን ለተባለው የአውስትራሊያ እንሽላሊት፣ ከአምፖሉ ሥር ያለው መሞቂያ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ሌላኛው ጫፍ 25 አካባቢ። ሲበርደው ወደዚህ፣ ሲሞቀው ወደዚያ እየሄደ ራሱን ያስተካክላል። በእጅ ዳሰስ አድርጎ «ሞቅ ይላል» ማለት ልኬት አይደለም። ሁለት ቴርሞሜትር ግዙ፣ ለየጫፉ አንድ አንድ። ማሞቂያው ሙቀቱን እየለካ በሚያበራውና በሚያጠፋው መሣሪያ (ቴርሞስታት) ቁጥጥር ሥር ይሁን። በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ግን አደራ አታስገቡ። እላዩ ላይ ተኝተው ሆዳቸው የተቃጠለ እንሽላሊቶችን አክሜአለሁ። ቁስሉ ለመዳን ወራት ይፈጃል።

«መስኮት አጠገብ ስለሆነ ፀሐይ ያገኛል» እና «አምፖሉ ይበራል እኮ»

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር። እነዚህ ሁለቱ ከሁሉም በላይ ያንገበግቡኛል።

ገና ተማሪ ሳለሁ አንዲት ቢርድድ ድራገን ነበረችኝ። ፌንጣ በደንብ ትበላ ነበር። ሣጥኗ ንጹሕ ነው፣ ሙቀቱም ልክ ነው። አንድ ሰሞን እንጨቷ ላይ ስትወጣ መንሸራተት ጀመረች። ሰንፋ ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አፏን ልከፍት ስል መንጋጋዋ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። በዚያው ወር ሞተች። የጨረር አምፖሏ ደምቆ ይበራ ነበር። ከገዛሁት ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚበራ አምፖል የሚሠራ አምፖል እንዳልሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዩቪቢ የሚባል በዓይን የማይታይ ጨረር አለ። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ3 እንዲሠራ ያደርገዋል። ዲ3 ከሌለ የበሉት ካልሲየም በበቂ ሁኔታ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም። ልብና ጡንቻ ደግሞ ያለ ካልሲየም አይሠሩም። ስለዚህ ሰውነት ከአጥንቱ እየሸረሸረ ይወስዳል። አጥንት ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል፣ የጀርባ አጥንት ይጣመማል። እንስሳው ይህን ሁሉ ሕመም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚችለው። ባለቤቱ «ሰነፈ» ወይም «ጨዋ ሆነ» ይላል። ጨዋ አልሆነም። መንቀሳቀስ እያመመው ነው።

ተራ የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። የሚገባው ብርሃንና ሙቀት ብቻ ነው። የመስታወት ሣጥንን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ውስጡ በደቂቃዎች እንደ ምድጃ ይግላል። አንድ ቤተሰብ ከምሳ ሲመለስ ጌኮው (ጌኮ ትንሽ የእንሽላሊት ዓይነት ነው) ሣጥኑ ውስጥ ሞቶ አግኝቶታል። «ፀሐይ እንዲሞቅ ብለን ነበር» አሉኝ፣ ልጃቸው እያለቀሰች። በደግ ልብ የተደረገ ነገር ስለሆነ ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ፀሐይ ልታሞቁ ከፈለጋችሁ በሽቦ በተሠራ ቤት ውጪ አውጡት። ጥላ ይኑረው፣ እናንተም አጠገቡ ሁኑ።

አምፖሉን በተመለከተ፣ የሚሰጠው ዩቪቢ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። እንደ ዓይነቱ በ6 ወር ወይም በ12 ወር መቀየር አለበት። ዩቪቢ የሚለካ መሣሪያ ካላችሁ እየለካችሁ ቀይሩ። ከሌላችሁ የገዛችሁበትን ቀን አምፖሉ ጫፍ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉ። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ አትከልሉት። ጥቅጥቅ ያለ ወንፊትም ጨረሩን በጣም ይቀንሰዋል። ርቀቱ ደግሞ አምራቹ እንደጻፈው ይሁን። ከግማሽ ሜትር በላይ ርቆ የተሰቀለ ደካማ አምፖል ለእንሽላሊቱ እንደሌለ ነው።

«የዲ3 ዱቄት እየነሰነስኩለት ነውና አምፖል አያስፈልገውም» የሚሉም አሉ። ዱቄቱ ይረዳል። ነገር ግን ሲያንስ አይበቃም፣ ሲበዛ ይመርዛል። ቆዳ ግን ከጨረር የሚሠራውን ዲ3 ራሱ ይቆጣጠራል፣ ልክ አያልፍም። ማታ ማታ የሚንቀሳቀሱ ጌኮዎችም ዝቅተኛ መጠን ያለው ዩቪቢ ቢያገኙ ይጠቀማሉ።

በቅርቡ አንድ ልጅ ያመጣው እንሽላሊት ቶሎ ስለተደረሰበት ተረፈ። ካልሲየም ሰጠነው፣ አምፖሉ ተቀየረ፣ ከሁለት ወር በኋላ መንጋጋው ጠነከረ። የጎበጠው የፊት እግሩ ግን እንደጎበጠ ቀረ። አጥንቱ ይጠነክራል እንጂ የተጣመመው አይቃናም።

«ኤሊ እንደ ሣጥኑ መጠን ያድጋል»

ፈጽሞ ሐሰት ነው። በየቦታው የምትሸጠው፣ ከዓይኗ ጀርባ ቀይ መስመር ያላት የውሃ ኤሊ ስትፈለፈል 3 ሴንቲሜትር አካባቢ ናት። ሴቷ አድጋ ከ25 ሴንቲሜትር በላይ ልትሆን ትችላለች። 30 ዓመት ልትኖርም ትችላለች። ጠባብ ቦታ ትንሽ አድርጎ አያቆያትም፤ በቆሻሻ ውሃ አሳምሟት፣ ቅርፊቷን አበላሽቶ፣ ዕድሜዋን ያሳጥረዋል። በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ኤሊ ስትገዙ ትልቅ የውሃ ገንዳ፣ ጠንካራ ማጣሪያና ደረቅ መሞቂያ መድረክ አብራችሁ እየገዛችሁ እንደሆነ አስቡ። «በቃኝ» ሲሉ ወንዝ ውስጥ የሚለቁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጥፋት ይጨምራሉ። ይህች ኤሊ ከተለቀቀች በኋላ በብዙ አገር የአካባቢውን ኤሊዎች እየተሻማች ነው።

«ንጹሕ ከሆነ በሽታ አያስተላልፍም»

ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ጤነኛ በሆነ ተሳቢ እንስሳ አንጀት ውስጥ ያለ ምልክት ይኖራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲሜትር ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚህ ነው፤ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ይታመሙ ነበር። የሚያስጥል ምክንያት አይደለም፣ የሚያስጠነቅቅ ነው። ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የውሃ ዕቃቸውን ወጥ ቤት አትጠቡ። አትሳሟቸው። ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅሙ የደከመ ሕመምተኛ ካለ ይሄ የትርፍ ጊዜ ፍቅር ለጊዜው ይቆይ።

«ወንድ ስለሌላት እንቁላል አትጥልም»

ትጥላለች። እንደ ዶሮ ማለት ነው። በተለይ የየመን እስስት ሴቷ ብቻዋን ብትኖርም ብዙ እንቁላል ትይዛለች። መቆፈር የምትችልበት ጥልቅና እርጥብ አሸዋ ካላገኘች እንቁላሉን ይዛ ትቆያለች፣ ትሞታለችም። ሆዷ ተነፍቶ፣ ምግብ ትታ፣ የሣጥኑን ወለል ስትጭር ካያችኋት ነገ አትበሉ።

«እስስት የተቀመጠችበትን ቀለም ትመስላለች»

ቀለሟ በዋናነት የስሜቷና የሙቀቷ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ፣ ጉዋኒን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች እርስ በርሳቸው ሲራራቁና ሲቀራረቡ ቀለሟ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ለአሳዳጊው ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ በእጃችሁ ስትይዟት የምትጠቁር እስስት ብዙ ጊዜ ተጨንቃለች። መልሷት።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። እባብ አያሙለጨልጭም፣ ቆዳው ደረቅ ነው። ደንቆሮም አይደለም፤ የውስጥ ጆሮ አለው፣ ንዝረትንም በመንጋጋው ይቀበላል። ቢርድድ ድራገን እጁን ሲያወዛውዝ ሰላም እያላችሁ አይደለም፣ «አልጣላችሁም» ማለቱ ነው። የብዙ ጌኮዎች ጭራ ቢቆረጥ መልሶ ይበቅላል፤ አዲሱ ግን ውስጡ አጥንት የለውም፣ ስለዚህ በጭራው አትያዙት። ቀይ አምፖል ማታ አይታያቸውም ይባላል፤ ይታያቸዋል፣ እንቅልፍም ይነሳቸዋል። ማታ ሙቀት ካስፈለገ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ተጠቀሙ። በሕይወት ያለ አይጥ ከእባቡ ጋር አሳድራችሁ አትተዉ፤ ያልራበውን እባብ አይጡ ነው የሚበላው።

ሐኪም ጋ ስትመጡ ደግሞ እንስሳውን ብቻ አታምጡ። የሣጥኑን ፎቶ ከፊትና ከላይ አንሥታችሁ ያዙ። የሁለቱን ጫፍ ሙቀት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለክታችሁ ጻፉ። የአምፖሉን ማሸጊያና የተገዛበትን ቀን፣ ባለፈው ወር የበላውንና የመጨረሻ ኩሱን ያያችሁበትን ቀን ንገሩን። ኩሱ ካለ በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ አምጡት። በመንገድ ላይ እንዳይበርደው ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አስቀምጡ፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታም ተዉለት።