ሕጉ ትክክል ሆኖ ለምን አይሠራም?

ጅማ ላይ ተማሪዎች ሳስጠና ደጋግሞ የሚያደናግራቸው ይሄ ነው። በግራፍ ትራንስፎርሜሽን፣ ማለትም ከነጥብና ከመስመር የተሠራን ሥዕል በሕግ በመለወጥ ዘዴ፣ ለምሳሌ ሰርቨር ነጥብ ነው፣ ግንኙነቱ መስመር። ሕጉ የግራና የቀኝ ቅርጽ አለው፤ የግራው ሥዕሉ ውስጥ ሲገኝ በቀኙ ይተካዋል።

እንበል፣ ጅማ ያለ የቡና መጋዘን ሰርቨር ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ቅርንጫፎች ጋር ተያይዟል። ሕጉ «ሰርቨሩንና የአጋሮን መስመር አጥፋ» ይላል። የሊሙስ? ሰርቨሩ ከጠፋ ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ኤሪግ፣ ፕፌንደርና ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረቡት ዘዴ፣ በደብል ፑሽአውት፣ ሕጉ እዚህ ቦታ ላይ አይተገበርም። ሕጉ ተሳስቶ አይደለም፤ ቦታው አልፈቀደም። ሌላው ዘዴ፣ ሲንግል ፑሽአውት፣ ግን የሊሙንም መስመር አብሮ ይጠርገዋል።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሊሙ ያለው ሠራተኛ የሚዛን ቁጥር እየላከ ሳለ መስመሩ ድንገት ሊቆረጥበት አይገባም።