ተደራሽ ቤተ እምነት ምንድን ነው?

የመጻጉዕን ታሪክ የማያውቅ የለም። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በስሙ ነው የሚጠራው። 38 ዓመት በአልጋው ላይ ኖሯል፣ መጠመቂያው ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ግን ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ስላጣ ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመዋል። ልትድን ትወዳለህ ወይ ሲባል የመለሰው «ሰው የለኝም» ብሎ ነው። ተደራሽነት እንግዲህ ሰው ባይኖርህም መግባት መቻል ነው። አካል ጉዳተኛው ተሸካሚ ሳይለምን በፈለገው ሰዓት ገብቶ፣ ጸልዮ፣ ሽንት ቤትም ተጠቅሞ መውጣት ከቻለ ያ ቦታ ተደራሽ ነው።

«ችግር የለም፣ እኛ ተሸክመን እናስገባዋለን» የሚሉ አሉ። ደግነታቸው አይካድም። ግን አስቡት፣ ትልቅ ሰው በየሳምንቱ ሕዝብ እያየው በአራት ጎረምሳ ደረጃ ሲወጣ! በመሀል መውጣት ቢያምረውስ? ቤቱ ቁጭ ብሎ ስብከቱን በስልክ ቢከታተል አይፈረድበትም።

ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ) ሲባል ደግሞ ሲሚንቶ አፍስሶ ማጋደም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የተለመደው ልክ 1 ለ12 ነው፤ 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ብቻ እንኳ ከ5 ሜትር በላይ ራምፕ ይፈልጋሉ። በ2 ሜትር ከጨረሱት ዊልቸሩን ወደ ኋላ ይገለብጣል። በየአጥቢያው የሚወደደው የሚያብለጨልጭ እብነ በረድም ዝናብ ሲነካው ክራንች ለያዘ ሰው አደጋ ነው።

ጫማ ወልቆ በሚገባበት ቤት የዊልቸር ጎማስ? ይህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አለ፤ መልሱም ያን ያህል አይከብድም። ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ወይም ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ንጹሕ ዊልቸር ማስቀመጥ ይቻላል። በነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ ተብሏል። ስግደቱ ቀሎለታል፣ የመስጊዱ ደረጃና የውዱእ (ከሶላት በፊት የመታጠቢያ) ቦታው ግን አልቀለለትም።

ለዐይነ ስውራን በሩ ቀድሞም ቢሆን ያን ያህል ዝግ አልነበረም፤ የአብነት ትምህርት በቃል ስለሚያዝ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ወጥተዋል፣ ከነቢዩ ሙአዚኖች (ለሶላት ጥሪ አድራጊዎች) አንዱ ኢብን ኡሙ መክቱምም ዐይነ ስውር ነበር። መስማት ለተሳነው ግን ሁሉም ነገር ድምፅ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ እሱም ብርሃን ባለበት ፊት ለፊት ይቁም እንጂ ዓምድ ጀርባ አይደበቅ።

ሕጉስ? በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም ሆነ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን ከግዴታው ነፃ አድርጓል፤ ስለዚህ አሮጌ ሕንፃ ገዝተው ለሚገቡ የእኛ አጥቢያዎች ነገሩ በአብዛኛው የራሳቸው ፈቃድ ነው።

በገመድ የሚወጣው ደብረ ዳሞ ላይ አሳንሰር ይተከል ያለ የለም። ዘንድሮ መሠረቱ የሚጣል የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ግን ምን ሰበብ አለው? አሠሪ ኮሚቴው ፕላኑን ከማጽደቁ በፊት በዊልቸር የሚሄድ አንድ ምእመን ጠርቶ ከግቢው በር እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን መንገድ ያሳየው፤ ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ማፍረስ ውድ ነው።