ሙላን ሩዥ፦ ላ ጉሉ (የ1891 ሊቶግራፍ)

«ሙላን ሩዥ፦ ላ ጉሉ» ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦንሪ ደ ቱሉዝ-ሎትሬክ እ.ኤ.አ. በ1891 የሠራው ባለ አራት ቀለም ፖስተር ነው። ሎትሬክ ያኔ ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ከዚያ በፊት ፖስተር ሠርቶ አያውቅም። ያሠራው በ1889 ፓሪስ ውስጥ የተከፈተው የሙላን ሩዥ ዳንስ ቤት ነው። የመክፈቻውን ፖስተር የሠራው ስመ ጥሩ የፖስተር ሠዓሊ ዡል ሸሬ ስለነበር ወጣቱ የተተካው በትልቅ ሰው ቦታ ነው።

መሀል ላይ «ሆዳሟ» (ላ ጉሉ) የተባለችው ዳንሰኛ ሉዊዝ ዌበር እግሯን አንሥታ ትታያለች። የውስጥ ቀሚሷ ንጣት ቀለም ያልነካው ባዶ ወረቀት ነው። ከፊት «አጥንት የለሹ» ቫለንታን ግራጫ ጥላ ሆኖ ቆሟል፤ እውነተኛ ስሙ ረኖዳን እንደነበር ይነገራል። ከኋላ ያሉት ተመልካቾች ወጥ ጥቁር ናቸው። ይህ አሣሣል ከጃፓን የእንጨት ህትመት የተወሰደ ነው።

ሊቶግራፍ ድንጋይ ላይ ተሥሎ ወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል ነው፤ የሚሠራውም ቅባትና ውሃ ስለማይዋደዱ ነው። ምርጡ ድንጋይ ከባቫርያ፣ ከሶልንሆፈን የሚወጣው የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በአሸዋና በውሃ ተፍቆ ይስተካከላል፤ ከዚያ በቅባታማ ቀለም ይሣልበታል፤ ፊደሉም የሚጻፈው ተገልብጦ ነው። ቀጥሎ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የገባበት የግራር ሙጫ ይቀባል። ድንጋዩ በውሃ ርሶ ቀለም የያዘ ሮለር ሲሄድበት ቀለም የሚይዘው ቅባት ያለበት ቦታ ብቻ ነው። አሲዱ ከበዛ ደቃቅ ነጠብጣቦችን ይበላል፤ ድንጋዩ ከደረቀ ቀለሙ ያልተሣለበትንም ይይዛል። የእጅ ወዝ እንኳ ታትሞ ይወጣል።

ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድንጋይ አላቸው። ወረቀቱ በእርጥበት ትንሽ ከተሳበ ቀለሞቹ ይዛነፋሉ። የቫለንታን ግራጫ የተገኘው ቀለም በብሩሽ በመርጨት ነው፤ ሎትሬክ ለዚህ የጥርስ ብሩሽ ይጠቀም ነበር ይባላል። መረጨት የሌለበት ቦታ አስቀድሞ በሙጫ ይሸፈናል። ፊርማው የሎትሬክ ይሁን እንጂ፣ ቀለሞቹን ያገጣጠሙት የሻርል ሌቪ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ስም ፖስተሩ ላይ የለም።

ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የህትመት ቁጥር 3,000 ነው። ሎትሬክ በ1901 እስኪሞት ድረስ 30 ያህል ፖስተሮች ሠርቷል።

ሙሉው ፖስተር 1.9 ሜትር ያህል ቁመትና 1.2 ሜትር ያህል ወርድ አለው፤ ለአንድ ወረቀት ስለሚበዛ በሦስት ቁራጭ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይገጣጠም ነበር። ወረቀቱ ርካሽ ነበር፤ የተለጠፈው በዝናብና በላዩ በሚለጠፍ ሌላ ማስታወቂያ ጠፍቷል። ከተረፉት ብዙዎቹ የላይኛው ቁራጭ ይጎድላቸዋል፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ ሙሉ መሆን አለመሆኑ በቁመቱ ይታያል።