ዴድሊፍት በፓወርሊፍቲንግ ውድድር፦ ለሰሜን ሸዋ ብረት አንሺዎች የቀረበ ዳሰሳ

ዴድሊፍት መሬት ላይ ያለን ባር (ክብደት የተጫነበት የብረት ዘንግ) ጎንበስ ብሎ ይዞ፣ ቀጥ ብለው እስኪቆሙ ድረስ ማንሳት ነው። በሦስት ዓይነት አነሳስ በሚካሄደው የፓወርሊፍቲንግ ውድድር ከስኳት (ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እና ከቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባርን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በየዓይነቱ ሦስት ሙከራ አለ። የየዓይነቱ ትልቁ ውጤት ይደመራል። ስለዚህ አሸናፊው ብዙ ጊዜ የሚለየው በዴድሊፍት ነው።

ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካዊው ላማር ጋንት በ1985 እ.ኤ.አ. በዴድሊፍት የሰውነቱን ክብደት አምስት እጥፍ በማንሳት የመጀመሪያው ሰው ሆኗል።

አነሳሱ

በሰሜን ሸዋ ጉልበት ብርቅ አይደለም። በመንዝም በተጉለትም ኩንታል እህል አንስቶ ትከሻው ላይ የሚጥል ወጣት ሞልቷል። ነገር ግን ኩንታል የሚነሳው ወገብን አጉብጦ፣ በግብታ ነው። ባር ላይ ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

ባሩ ከእግር መሐል በላይ ይሁን፤ ቅልጥምን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ባሩን ሳያንቀሳቅሱ ይያዙት። ከዚያ ቅልጥም ባሩን እስኪነካ ጉልበትን ማጠፍ፣ ደረትን ቀና ማድረግ፣ ብብትን መቆለፍ። አየር ወደ ሆድ ይሳብ፣ ሆድ ይወጠር። ባሩን ወዲያው አይንጠቁት። መጀመሪያ እጅ እስኪወጠር ይሳቡ፣ ከዚያ መሬቱን በእግር ይግፉ። ባሩ ከእግር ከራቀ ሸክሙ ሁሉ ወገብ ላይ ይወድቃል። መቀመጫ ከደረት ቀድሞ ከተነሳም እንደዚያው ነው። የላይኛውን ጀርባ በመጠኑ የሚያጎብጡ ታላላቅ አንሺዎች አሉ፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም።

እግርን በሰፊው ከፍቶ፣ እጅን በጉልበት መሐል አስገብቶ ማንሳት ሱሞ ይባላል። ሱሞ ማጭበርበር ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ደንቡ ይፈቅደዋል። ከሱሞና ከመደበኛው የትኛው ይሻላል የሚለው በእግርና በእጅ ርዝመት የሚወሰን ይመስላል።

እጅን ከባሩ ጋር የሚያያይዝ ማሰሪያ በውድድር ክልክል ነው። ስለዚህ አንዱን መዳፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙሮ መያዝ፣ ወይም አውራ ጣትን በሌሎቹ ጣቶች ስር መቆለፍ የተለመደ ነው።

ደጋና ቆላ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በውርጭ ወራት ጠዋት ባሩም ጡንቻውም ይቀዘቅዛል፤ ማሟሟቂያው መርዘም አለበት። በዙር መሐልም በቂ እረፍት ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ላብ ነው፤ ለእጅ የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ይያዝ።

የውድድር ትልቁ ዲስክ (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ክብደት) ስፋቱ 45 ሴንቲሜትር ነው። ባሩ ከመሬት 22.5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። በቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው በሠሩት ክብደት የሚለማመዱ ከሆነ፣ ከሥሩ ጣውላ አስገብተው ከፍታውን ያስተካክሉ።

ዳኛው ፊት

ለመጀመር ምልክት አይሰጥም። ጉልበት ተቆልፎ፣ ትከሻ ወደ ኋላ ሆኖ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ዳኛው «ዳውን» ይላል። ከዚያ በፊት ማውረድ፣ ባሩን ጭን ላይ ማሳረፍ፣ መንገድ ላይ ዝቅ ማድረግ ወይም ከእጅ መልቀቅ ሙከራውን ያበላሻል። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ነጭ መብራት ካሳዩ ይጸድቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ በልምምድ ሦስት ጊዜ ደጋግመው የሚያነሱት ክብደት ይሁን። አንዴ የተጠራ ክብደት ቢከሽፍም ወደ ታች አይቀነስም። በዓለም አቀፉ ደንብ ሦስተኛውን የዴድሊፍት ክብደት ሁለት ጊዜ መቀየር ስለሚቻል፣ የተፎካካሪን ድምር የሚያሰላ ሰው አጠገብ ይኑር።